ተዉኝ የሳበው ጠፍር

ባለፈው ሰሞን ነው። ጉሙ ከጓሳ ወርዶ ደጃችንን ውጦታል፤ አጥሩ እንኳ አይታይም። ከጉሙ ውስጥ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ሰማሁና ብወጣ ቄስ ዘሪሁን ናቸው። ብብታቸው ሥር የተጠቀለለ እባብ የመሰለ ነገር ይዘዋል። «ጋሼ ዘነበ፣ የደወሉን ጠፍር በናይለን ገመድ ለወጥነው። ይኼ የእጅዎ ሥራ ነው፤ ልጥለው ብል እጄ እምቢ አለኝ» አሉና አሸከሙኝ። እኔ ነገር አላጋንንም። አርጅቻለሁ፤ ዓይኔም ጉልበቴም እንደ ዱሮው አይደሉም። አፍንጫዬ ግን ደህና ነው። ጥቅልሉን ወደ ፊቴ ሳስጠጋው የቆዳ፣ የሞራና የኩበት ጢስ ሽታ መጣ። ከነዚያ ሥር ደግሞ ሌላ ሽታ አለ፤ ለሌላ ሰው የማይሸት። ጫፉን ፈለግሁት። አለ። አንድ ክንድ ያህል ቦታ እንደ ወንፊት ተበሳስቷል፤ የጥርስ ምልክት ነው። ቄስ ዘሪሁን አዩኝና ሳቅ አሉ። ጠፍሩ በተሠራ ጊዜ ጢማቸው ገና ያቀመቀመ ዲያቆን ነበሩ፤ ነገሩን ያውቁታል። ዛሬ ከእሳቸውና ከኔ፣ ከሚስቴም ከአስካለ በቀር በደንብ የሚያውቀው የለም። ስለዚህ ልጻፈው አልኩ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ በማታ ትምህርት ነውና ቃል ብስት አንባቢ ያቃናው።

ዘመኑን በዓመተ ምሕረት አልነግራችሁም፤ ብገምት እዋሻለሁ። የማውቀው አዲስ መንግሥት ገብቶ ነበር፣ እኔም ቁልቁለቱን ሮጬ የምወርድ ሰው ነበርኩ። በረባሶ ጫማ በሰባት ብር ይገዛል፤ ከመኪና ጎማ የተቆረጠ፣ ሦስት ክረምት የሚችል። ዛሬ ልጆቼ የሚገዙልኝ ቦት አንድ ክረምት ሳይሞላው አፉን ይከፍታል። ሙክት በግ መቶ ብር አወጣ ሲባል ሰው እጁን በአፉ ላይ ይጭን ነበር። ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን የሚሄደው አውቶቡስ ክረምት ላይ ጭቃ ሲይዘው ተሳፋሪው ከፍሎ ይሳፈራል፣ ወርዶም ይገፋል። ማንም አያማርርም። የምንለብሰው ጥቁር በርኖስ ነው፤ ከራሳችን በግ ፀጉር የተሠራ፣ ዝናብ ሲመታው እንደ በግ የሚሸት። ሞላሌ ገበያ ላይ ከልብስ ሰፊው በረንዳ ሥር አንድ ቴፕ ነበረ። ባትሪው ሲደክም ዘፋኙ እንደ ሰከረ ሰው ይጎተታል፤ እኛም በርኖሳችንን ተከናንበን፣ ዳገት የሚወጣ የሚመስለውን ዘፈን እስኪያልቅ ቆመን እንሰማለን። ልብስ ሰፊው ባትሪውን በጥርሱ ነክሶ ይመልሰውና ዘፋኙ ነፍስ ይዘራል።

ተዉኝን ያገኘሁት ከዚያ በረንዳ ሥር ነው። አንዲት እንስራ የምትሸጥ ሴትዮ አንድ ቡላ ቡችላ በገመድ ይዛ ትታገላለች። ደረቱ ነጭ፣ አንድ ጆሮው የወደቀ። «ወንድሜ፣ አንተ ደግ ሰው ትመስላለህ» አለችኝ። «አልመስልም» አልኳት። «እንግዲያው ክፉም ብትሆን ውሰደው። ከጧት ጀምሮ ሁለት ማሰሮ ሰብሮብኛል።» የያዝኩትን አንድ ጣሳ ገብስ ሰጠኋትና ቡችላውን በበርኖሴ ውስጥ ከደረቴ ለጥፌ ወጣሁ። መንገዱን ሁሉ አንድም ጊዜ አልተኛ። አንዴ በአንገቴ፣ አንዴ በብብቴ ብቅ እያለ አገር ሲያይ ዋለ።

በኛ አገር ውሻ ሲሰየም ስሙ ለጎረቤት መልእክት ነው። ሰውን ፊት ለፊት ከመናገር ውሻህን ጮክ ብለህ መጥራት ይቀላል። ያን ጊዜ ከጎረቤቴ ከሽፈራው ጋር በድንበር ተጣልተን ነበር፤ ሁለት ፈር ወደኔ ገፍቶ አርሷል። ስለዚህ ቡችላውን ተዉኝ አልኩት። ማታ ማታ ወደሱ ቤት ዞሬ «ተዉኝ! ኧረ ተዉኝ!» እያልኩ እጣራለሁ። ሽፈራው አንድ ወር ሳይሞላው ያሮጌ ውሻውን ስም ለወጠ። እሱም ወደኔ ዞሮ «ቻለው! ና ቻለው!» ይል ጀመር። አስካለ ከውስጥ ሆና «ሁለታችሁም ስማችሁን ለውሾቹ ሰጣችሁ» እያለች ትስቅብናለች።

ውሻ አይቻለሁ፤ እንደ ተዉኝ ያለ አላየሁም። በግ ያግዳል፣ በግ ሲያልቅ ዶሮ ያግዳል፣ ዶሮ ሲጠፋ መሬት ላይ የሚሄደውን የጥንብ አንሳ ጥላ ሲያሳድድ ይውላል። ሲተኛ እንኳ እግሩ ይሮጣል። እንዲህ ሆኖ አንድ ዓመት ከሞላው በኋላ ነው ያ ክፉ ክረምት የመጣው። ሰኔ ላይ አንድ ያበደ ውሻ በቀበሌያችን አልፎ ሁለት ላም ነከሰ፤ ሁለቱም አብደው ሞቱ። ጓሳ ላይ ደግሞ ቀይ ቀበሮ ሞቶ ተገኘ፤ በሽታውን ከውሻ ነው የያዘው ተባለ። ጓሳ የጋራችን ነው። ሣሩን በሥርዓት አጭደን ቤት የምንከድንበት፣ በጎቻችን ክፉ ቀን የሚያልፉበት ቦታ ነው፤ ቀይ ቀበሮውም አይጥ እየበላ ከኛ ጋር የኖረ ነው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ተሰብስበን ትእዛዙን ሰማን። ተናጋሪው ሽፈራው ነው፤ ያን ጊዜ ሚሊሻ ሆኖ ጠመንጃ ይዟል።

«ውሻ ያለው ውሻውን ይሰር፣ ወይ ይዝጋበት» አለ። «ክትባት የሚሰጡት ሰዎች መንገዱ ሲደርቅ፣ መስቀል ሲያልፍ ይመጣሉ። እስከዚያ ልቅ የተገኘ ውሻ ይመታል።»

«የማንም ይሁን?» አለ አንዱ።

«የማንም ይሁን» አለ ሽፈራው። ሲመልስ የሚያየው ጠያቂውን ሳይሆን እኔን ነው።

እውነት ለመናገር ትእዛዙ ትክክል ነበር። ዛሬም ትክክል ነው እላለሁ። ግን ተዉኝን ማሰር ማለት ንፋስን ማሰር ማለት ነው። በገመድ አሰርኩት፤ በላው። በሰንሰለት አሰርኩት፤ አንገቱ እስኪደማ ጎተተ፣ ሌሊቱን ሙሉ አላዘነ። ከበጎቹ ጋር ዘጋሁበት፤ ሥራ የተሰጠው መስሎት ጋጣው ውስጥ ሲያዞራቸው አንዲት የከበደች በግ አስወረዳት። ደጅ ካለው የጭድ ቤት ዘጋሁበት፤ የጭራሮውን በር ቀዶ ወጣና ከሽፈራው ማሳ ዳር ደረስኩበት። ሽፈራው ከበሩ ቆሞ ያያል። ጠመንጃውን አላነሳም። «ይኼ አንድ» አለኝ ብቻ። እንግዲህ የቀረው ቦታ ቤቴ ነው።

በኛ ዘንድ ውሻ ከቤት አይገባም። ካህን የባረከው፣ ጸበል የተረጨበት ቤት ነው፤ የነፍስ አባታችን አባ ተክሌ ገብተው ይጸልዩበታል። አስካለ ስትቆጣ «አንቱ» ትለኛለች፣ በደህና ቀን «አንተ» ነው የምትለኝ። ያን ቀን ተዉኝን ታቅፌ ስገባ ምጣድ ስታሰስ ነበርና ቀና ብላ አየችኝ። «አንቱ፣ ከሰው ቤት ውሻ ሊያሳድሩ ነው? አባ ተክሌ ምን ይላሉ?» አለች። «አባ ተክሌ አይሰሙም» አልኩ። «እግዜርስ?» አለች። ብዙ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ እንዲህ ብላ ቆረጠች፦ «ነሐሴ አሥራ ስድስት የኪዳነ ምሕረት ጽዋ የኛ ተራ ነው። አባ ተክሌም ማኅበርተኛውም እዚህ ይቀመጣል። እስከዚያ ታግሼዎታለሁ። ከዚያ በፊት ካልወጣ እኔ እወጣለሁ።»

የመጀመሪያዎቹን ቀኖች ባልናገር ይሻል ነበር። ውጭ ጉም፣ በረዶ፣ አጥንት የሚሰብር ቅዝቃዜ፤ ውስጥ ደግሞ ተዉኝ። በምሰሶው ዙሪያ ሲሮጥ ቤቱ የሚዞር ይመስላል። የቀኝ እግር በረባሶዬን በላ። የቁናውን ግማሽ በላ። አስካለ ለባና፣ ለሱፍ ብርድ ልብሳችን፣ የፈተለችውን አንድ ልቃቂት ሱፍ ፈትቶ፣ ምሰሶውን፣ አልጋውንና እንስራውን አንድ ላይ አሰራቸው። እኔም መጀመሪያ ሰው የሚሠራውን ስሕተት ሠራሁ፤ ይድከም ብዬ አብሬው ሮጥኩ። እኔ ደከምኩ። እሱ ይባስ ነቃ። ሦስተኛው ቀን ላይ፣ መደብ ላይ ቁጭ ብዬ ሳስነጥስ፣ መጣና ጉልበቴ ላይ አገጩን አድርጎ ሽቅብ አየኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። ይኼ ፍጥረት የራበው ሩጫ አይደለም፤ ሥራ ነው። ሥራ ፈት ሰው ቤት ያፈርስ የለ? ውሻም እንዲያው ነው።

ስለዚህ ሥራ ሰጠሁት። የገብስ ቂጣ ቁራሽ እወስድና አሮጌ ዝተት፣ ወፍራም የሱፍ ልብስ፣ አጣጥፌ በእጥፋቱ ውስጥ እደብቃለሁ፤ «ፈልግ!» እለዋለሁ። መጀመሪያ ዝተቱን ሊቀደው ነበር። ቀስ እያለ በአፍንጫው ብቻ እጥፉን እየገለጠ ማውጣት ለመደ። ከዚያ ቁራሹን አሳነስኩ፣ ከቁና ሥር፣ ከምንተኛበት ጀንዲ በታች፣ ከኮርቻው ኪስ አደረግሁት። አፍንጫውን ያሠራ ውሻ እግሩን ካሠራው ይልቅ ይደክማል፤ ይኼን ያስተማረኝ ሰው የለም፣ እዚያው ያየሁት ነው። አንድ ቀን ደግሞ ባና ለማጥበቅ በሙቅ ውኃ ዘፍዝፌ በእግሬ ስረግጥ ዘሎ ገባና አብሮኝ ረገጠ። ባናው ጠበቀ። ግን ቤቱ ሁሉ ውኃ ሆነ፤ አስካለም ሁለት ቀን «አንቱ» አለችኝ።

ትልቁ ሥራ የመጣው ከሥላሴ በዓል በኋላ ነው። የደብራችን ደወል ከወይራው ላይ ነው የተሰቀለው። ጠፍሩ በስብሶ ተበጥሶ ነበርና ዲያቆኑ ዛፉ ላይ እየወጣ በድንጋይ ይመታው ነበር፤ ድምፁ ብረት ድስት የተመታ ያህል ነው፤ ወንዝ አይሻገርም። ጠፍር መሥራት ከአባቴ የያዝኩት ሙያ ነው፤ ስለዚህ የማኅበሩ ሽማግሌዎች «ዘነበ፣ ለኪዳነ ምሕረት አድርስልን» ብለው የአንድ በሬ ቆዳ ሰጡኝ። ቆዳ መዘፍዘፍ፣ መፋቅ፣ ዙሪያውን እየዞሩ በአንድ ወጥ መቁረጥ፣ መግመድ ይቀላል። አስቸጋሪው ማልፋቱ ነው። ሞራ እየቀቡ፣ ምሰሶ ላይ ጠምጥመው፣ ሁለት ሰው በሁለት ጫፍ ይዞ ወዲህና ወዲያ ሳምንታት ይሳባል፤ አለዚያ ጠፍሩ እንጨት ይሆናል። ሁለተኛ ሰው አልነበረኝም። አንዱን ጫፍ ይዤ ቁጭ ብዬ ሳስብ ሌላው ጫፍ ራሱ ተነሣ። ቀና ብል ተዉኝ በጥርሱ ይዞታል፤ ሞራው ሸቶት ነው። ሳብኩ። ሳበ። ለቀቅ ሳደርግ ይወስዳል፣ ስስብ ይመጣል፤ ጠፍሩም ምሰሶው ላይ ይንሸራተታል። አባቴ ካሠራኝ ሰው ሁሉ የሱ አሳሳብ ይበልጣል። ከጧት እስከ ምሳ እንስባለን፣ ከምሳ በኋላ ቁራሽ እንፈልጋለን፣ ማታ ሁለታችንም እንደ ሬሳ እንተኛለን። ስንስብ የምዘፍንለት ከራሴ ያወጣሁት ነበር፦

ሳበው ተዉኝ ሳበው፣ ይለስልስ ጠፍሩ፤
ጉሙ እስኪገለጥ፣ እስኪታይ አገሩ።

አስካለ ከምድጃው ዳር ሆና ታየናለች። አንድ ቀን «ለቤተ ክርስቲያን እኮ ነው» አለች። «አውቃለሁ» አልኩ። «የውሻ አፍ ነው እኮ።» «አውቃለሁ አልኩሽ!» አላወቅሁም ነበር። እሷ እስክትናገረው አንድም ጊዜ አላሰብኩትም። እልኸኛ ሰው የሚሳሳተው እንዲህ ነው፤ ከተነገረው በኋላ መመለስ ይከብደዋል። ደግሞስ ብተወው ተዉኝ ምን ይሠራል? ዝም ብዬ ሳብኩ። ፍልሰታ ገባ፤ ሰው ሁሉ ጾመ፤ ለውሻውም አጥንት የለም። ሞራ ስቀባ «በፍልሰታ!» እያለች ፊቷን ታዞራለች። ሳብ እንድታደርገው አንዴ ጫፉን ብዘረጋላት እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች።

ነሐሴ አሥራ አምስት ጠፍሩን አስረከብኩ። ሽማግሌዎቹ ተቀባበሉት። «እንደ ሐር!» አሉ። «ብቻህን ነው ያለፋኸው?» አለኝ አንዱ። «አይ፣ ረዳት ነበረኝ» አልኩና ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግሥቱ ማኅበርተኛው ሊመጣ ነው፤ ተዉኝን ወዴት ላድርገው? ከጓዳችን እህል የሚቀመጥበት ትልቅ የጭቃ ዲብኝት አለ፤ ክረምት ላይ ባዶ ነው። የተረፈች ጠፍር አፉ ላይ ሰጠሁትና ከዚያ ውስጥ አስገባሁት፤ ክዳኑን ገጥሜ ለአየር ትንሽ ቀዳዳ ተውኩ። እንግዶቹ መጡ። አባ ተክሌ መስቀላቸውን አሳልመው ከላይ ተቀመጡ። ሽፈራውም ማኅበርተኛ ነው፤ ጠመንጃውን ከበሩ አስደግፎ ተቀመጠ። ጾሙ ተፈቷል፣ ጠላው ወርዷል፣ ዳቦው ተቆርሷል። አስካለ ዲብኝቱን አንዴ፣ እኔን አንዴ ታያለች። ከውስጥ ኮሽ አይልም። አባ ተክሌ ብድግ ብለው ጸሎት ጀመሩ። ዳንኩ አልኩ።

ያን ጊዜ የሠርክ ደወል ተደወለ። ዘሪሁን፣ ያኔ ዲያቆኑ፣ ሁለት ወር ሙሉ በድንጋይ ሲቀጠቅጥ የከረመ ሰው፣ ጠፍሩ ከቅዳሴ በኋላ ተሰቅሎለት ለመጀመሪያ ጊዜ የለፋ ጠፍር እጁ ገባ። ደስ አለውና ሳበው። ሳበው እንጂ መች አቆመ! ደወሉ ወንዝ ተሻገረ፣ ገደሉ መልሶ አስተጋባው። አሮጌው ጠፍር ደረቅ ነበርና ተዉኝ እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቶ አያውቅም። ከዲብኝቱ ውስጥ፣ ጭቃው ድምፁን እያጎላው፣ አላዘነ። ደወሉ አንድ ሲል እሱ አንድ፣ ሁለት ሲል ሁለት። አባ ተክሌ ጸሎታቸውን አላቋረጡም፤ «አሜን» እስኪባል ቆዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ዞሩ።

«ዘነበ፣ ዲብኝትህ ምን ነካው?»

«ውሻ ነው አባ» አልኩ።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል የለ» አለ አንዱ ሽማግሌ፣ ሳቁን በነጠላው ይዞ።

ውሸት አልችልበትም፤ ከተናገርኩ ደግሞ እስከ መጨረሻው ነው። ሁሉንም ተናገርኩ። ቤት ማሳደሬን፣ ጠፍሩን ከኔ ጋር የሳበው እሱ መሆኑን፣ ጥርሱ ያረፈበትን ጫፍ ሳይቀር። ሽፈራው ተነሣ። «ጠፍሩ ይቆረጥ! ውሻ ያኘከውን ከደወል ላይ? ይኼ ሰውዬ እኮ ተዉኝ ሲል ማንንም አይሰማም!»

አባ ተክሌ እጃቸውን አነሱ። «ደወሉ ከየት ነው የተሰቀለው?»

«ከወይራው» አልን።

«ወይራው ላይ ጥንብ አንሳ ሲያርፍ አይታችሁ አታውቁም? ወይራውንም እንቁረጠው?» ወደ ሽፈራው ዞሩ። «ጠፍሩ መቅደስ አይገባም። በጸበል ይታጠብ፣ ይንጠልጠል። ውሻው ግን ከዚህ ቤት ይውጣ። ዘነበ፣ ይኼ ጽዋ ያለበት ቤት ነው።»

በሩ ጋ የቆመውን ጠመንጃ አየሁት። «ከወጣ ይሞታል አባ» አልኩ።

«እንግዲያው አብረኸው ውጣ!»

ይህን ያሉት ሊገሥጹኝ ነው፤ ቤቱ ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ግን ተነሣሁ። የዲብኝቱን ክዳን አነሳሁ፣ ተዉኝን አቀፍኩት፣ ከመደቡ ላይ ባናዬን አነሳሁና በዝናቡ ወደ ጭድ ቤቱ ወጣሁ። አስካለ «አንቱ!» አለች ከኋላዬ። ዞሬ አላየሁም። ቢያዩኝ ዓይኔ እንባ ነበረበት፤ ይኼን ዛሬ ነው የምናገረው።

ስምንት ቀን እዚያ ኖርን። እሳት የለም፣ ክዳኑ ያፈሳል፣ በተቀደደው በር ፋንታ እኔ ራሴ በር ሆኜ እተኛለሁ። ቤቱ ውስጥ ሳለን እኔ ነበርኩ እሱን የማሠራው፤ እዚህ ግን ተገላበጠ። ጧት ጧት ብርዱ ጣቴን ሲያደርቀው ያችን የተረፈች ጠፍር አምጥቶ ጉልበቴ ላይ ይጥላታል። እስብለታለሁ፣ ይስብብኛል፣ ደሜ ይሞቃል፤ ስንታገል ሳቄ ያመልጠኛል። ሽፈራው በየጧቱ ጠመንጃውን አንግቶ በደጄ ያልፋል።

«ታስሯል?» ይላል።

«ታስሯል።»

«በምን?»

«በኔ።»

ስድስተኛው ቀን ላይ ሳይጠይቅ አለፈ። ተመልሶ መጣና አንድ እቅፍ ደረቅ ጭድ ከበሩ ጥሎልኝ ሄደ። አስካለ ምግብ ታመጣለች፤ አስቀምጣ ትመለሳለች። በስምንተኛው ቀን ምሳ አረፈደች። ሥጋት ገባኝና ብቅ ብል፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና ከቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ትመጣለች። ልብሷ ከላይዋ ተጣብቋል።

«ከአባ ተክሌ ዘንድ ነበርኩ» አለችኝ። «ክትባቱ እስኪመጣ ከበሩ አጠገብ ይሁን፣ ምድጃውን አይለፍ፣ በኋላ መጥቼ ቤቱን እረጨዋለሁ ብለዋል።»

«ለመንሻቸው?»

«ለውሻው ነው የለመንኩት። አንተን አላነሳሁህም።»

«እኔስ?»

«አንተ ከፈለግህ እዚሁ ሁን።» ተዉኝን በገመዱ ይዛ ሁለት እርምጃ ሄደችና ቆመች። «እኔ ምድጃ ዳር ብቻዬን ተቀምጬ፣ አንተ እዚህ ስትስቅ እሰማለሁ። ከኔ ጋር እንዲህ ስቀህ ታውቃለህ?» አለች። እውነቷን ነው። ባናዬን አንሥቼ ተከተልኳቸው።

መስቀል አለፈ፣ አደይ አበባው ፈነዳ፣ መንገዱ ደረቀ። ክትባት ሰጪዎቹ መድኃኒታቸውን በሣጥን አድርገው በበቅሎ መጡ። ተዉኝን እኔ ከፊት፣ ሽፈራው ከኋላ ይዘነው ተወጋ፤ ሽፈራውን ጫማው ላይ ሸናበትና ሽፈራው ራሱ ሳቀ። የተከተበ መሆኑ እንዲታወቅ ጭንቅላቱ ላይ ቀይ ቀለም ቀቡት። ለቀቅሁት። ሦስት ጊዜ ሜዳውን ዞረ፣ ጉም የለም፣ አገሩ እስከ ገደሉ ድረስ ይታያል። ከዚያ ተመልሶ ከእግሬ ሥር ተኛ። ብዙ ክረምት ኖረ። ሲያረጅ ለመሳብ ጥርስ አልነበረውም፤ ጠፍሯን ይዞ ብቻ ይቀመጥ ነበር። በሞተ ጊዜ ሽፈራው ሳልጠራው ዶማ ይዞ መጣ። ከተጣላንበት ድንበር ላይ ቀበርነው። ሽፈራው ከዚያ ወዲያ ያን ሁለት ፈር አልነካም፤ ነፍሱን ይማረው፣ ልጆቹም እስካሁን አልነኩትም።

እንግዲህ ቄስ ዘሪሁን ሲሄዱ ጥቅልሉን ይዤ ገባሁ። አስካለ ከምድጃው ዳር ናት። ዓይኗ ብዙ አያይም፣ ጣቶቿን ብርዱ ቆልፏቸዋል፤ ሐኪሙ «እጅሽን አሠሪው» ብሏት እሺ አትልም። «ምንድን ነው የያዝከው?» አለች። ሳልመልስ ጭኗ ላይ አደረግሁላት። ዳሰሰችው። እስከ ጫፉ ሄደችና ጥርሱ ያለበት ቦታ ስትደርስ እጇ ቆመ። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው።

«ያ ቀልበ ቢስ!» አለች። «ዛሬም ይሸታል።»

ትጥለዋለች ብዬ ጠበቅሁ። ሌላውን ጫፍ ይዤ ምሰሶው ላይ አንድ ጊዜ ጠመጠምኩና ከማዶ ተቀመጥኩ። ያን ክረምት በነጠላዋ የደበቀችው እጅ የተነከሰውን ጫፍ አልለቀቀም። ቀስ ብላ አንድ ዙር በመዳፏ ላይ ጠቀለለችው።

«እንግዲህ ምን ትጠብቃለህ?» አለችኝ። «ሳብ!»

ሳብኩ። ሳበች። ውጭ ጉሙ እንዳለ ነው፤ ጠፍሩ ግን ምሰሶው ላይ ተንሸራተተ።